የጋሽ ሜትር ወገብ

ጋሽ ሜትር ይሉታል፤ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ያየው ሰው ስለሌለ። ልብስ ሰፊ ነው። ደንበኛ ገና በሩን ሲያልፍ ወገቡን በዓይኑ ለክቶ ይጨርሳል፤ ሜትሩን የሚዘረጋው ለይሉኝታ ብቻ ነው።

የራሱን ወገብ ግን በዓይኑ አያምንም። እሑድ እሑድ ጠዋት፣ ቁርስ ሳይቀምስ፣ ሚስቱ ትለካዋለች። ልማዱ የመጣው አንጀቱ ከታመመበት ጊዜ ነው። ያ ዘመን አይመለስ! አንጀቱ ከውስጥ እየቆሰለ ደም ያስቀምጠው ነበር። መጸዳጃ ቤት በሌለበት መንገድ አይሄድም። የጎረሰው ሁሉ መልሶ ስለሚያሠቃየው ምግብ ሲቀርብለት ይፈራል። ወገቡ ሰባ ሴንቲሜትር ሲደርስ ሚስቱ ቁጥሩን ጮክ ብላ መጥራት ተወች።

በኋላ መድኃኒት ተገኘለትና አንጀቱ ጸጥ አለ። ሚስት ሆዬ የምትሆነው ጠፋት! የሄደውን ሥጋ ካልመለስኩ ብላ ቅቤውን፣ ማሩን፣ የተጠበሰ ድንቹን፣ ለስላሳውን አከታተለችው። እሱም ለራሱ ሱሪ ሲሰፋ ከወገቡ ላይ አራት ጣት ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፎ ያስቀራል፤ ወገቡ ሲጨምር ስፌቱን ተርትሮ ያሰፋዋል። «ዘንድሮ ሁለቴ ተረተርኩት!» እያለ ለመጣው ሁሉ ይጎርራል።

ታዲያ አንድ ቀን ሁለቱም ለክትትል ሐኪም ቤት ሄዱ። ዶክተሯ የአልትራሳውንዱን ውጤት አየችና፣

«ጋሼ፣ አንጀትዎ ደህና ነው። ጉበትዎ ላይ ግን ስብ ተከማችቷል» አለችው።

«እኔ? መጠጥ የሚባል በአፌ ዞሮ አያውቅም እኮ!»

«እውነቱን ነው፤ ሽታውንም አይወድ» አለች ሚስቱ ቱግ ብላ።

«መጠጥ መቼ አልኩ? የእርስዎ ዓይነት የአንጀት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ላይ ይሄ ነገር ብዙ ጊዜ ይገጥመናል። ቀጫጮቹም አያመልጡም። የአንጀቱ ቁስለት ራሱ፣ አንዳንዱ መድኃኒትም እጅ ሊኖርበት ይችላል። እኛ ግን ከዚህ እንጀምር» ብላ ቦርጩን አሳየችው። «ቀስ እያልን እንቀንሳለን። መድኃኒትዎን ግን እንዳያቋርጡ።»

ጋሽ ሜትር ሆዱን በሁለት እጁ እቅፍ አደረገ። ፈራ፤ ክፉኛ ፈራ። ለእሱ መክሳት ማለት ያ ዘመን ነው። በስንት መከራ የመጣውን ሥጋ በገዛ እጄ ልሸኘው ነው እንዴ እያለ ቤቱ ደረሰ።

ቤት ሲገቡ ሚስቱ አለቀሰች። «እኔ ነኝ ያበላሁህ!»

«ተይ እንጂ! አንቺ ባታበይኝ ኖሮ ዛሬ የሚሰባ ጉበት ከየት ይመጣል?» አላት። በእንባዋ መሃል ሳቀች።

ለስላሳው ከቤት ወጣ። ቅቤው በማንኪያ ጫፍ ሆነ። ሱቁን ሲዘጋ ሚስቱ በር ላይ ትጠብቀዋለች፤ ጎን ለጎን ሆነው፣ መንገደኛውን ሁሉ እያሙ፣ አንድ ሰዓት ይራመዳሉ። እውነት ለመናገር ሐሜቱን ሁለቱም ወደውታል።

ወገቡ ከመቶ አራት ተነሥቶ መቶ ሆነ፤ ቀጥሎ ዘጠና ሰባት። ቁጥሩ ሲወርድ የሚስቱም ድምፅ አብሮ ይወርዳል። በስድስተኛው ወር፣ አንድ እሑድ፣ ሜትሩን ወገቡ ላይ አዙራ ካጠበቀች በኋላ ቁጥሩን ሳትጠራ ቀረች።

«ስንት ነው?»

«ዘጠና አራት» አለች፤ ድምፅዋ አይሰማም። ሜትሩን አለቀቀችም። «እውነቱን ንገረኝ፤ ደም አየህ?»

«ኧረ አላየሁም!»

«ሆድህንስ?»

«ሰላም ነው አልኩሽ።»

«ማልልኝ።»

«ምን ብዬ ልማልልሽ፣ አንቺ ሴትዮ? ራበኝ እኮ! መጀመሪያ ቁርሴን አምጪልኝ!»

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። በዚያ በክፉው ዘመን አንድ ቀን እንኳ ራበኝ ብሏት አያውቅም። ሜትሩን አንገቱ ላይ መለሰችለትና ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ «ዘጠና አራት!» ብላ ጮኸች።