ቀለቡንም ከፈልሁ፣ ወሬውንም ነዛሁ

ግንቦት ውስጥ ነው፤ አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ... ከሐይቁ ማዶ ከደልጊ የመጣችው ጀልባ ሰው ስታራግፍ እኔ ባጃጄን ወደቡ በር ላይ አቁሜ እጠብቃለሁ። ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙ፣ ጥቁር ጃንጥላ የያዙ ሽማግሌ ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡና ፋሲሎ ሰፈር አድርሰኝ አሉኝ። ዋጋ ነገርኋቸው፤ አልተከራከሩም። ዛሬ ደግ ሰው ገጠመኝ ብዬ ተንቀሳቀስሁ።

እኔ ደግሞ አንድ አመል አለብኝ፤ ዝም ብዬ መንዳት አልችልም። ባለፉት ሁለት ዓመታት ባጃጄ ላይ የወጣ ሰው፣ ተማሪም ይሁን ነጋዴ፣ ስለምከፍለው የልጅ ቀለብ ሳይሰማ አልወረደም። አንድ ቀን ያስቆመኝን ትራፊክ ፖሊስ እንኳ እንባ ሊያመጣ እስኪደርስ አጫውቼዋለሁ... ቅጣቱን ግን አልማረኝም።

ለሽማግሌውም ጀመርሁላቸው። ገነት ከምትባል ልጅ ጋር ስምንት ወር አብረን ኖርን፤ ተጣላንና ተለያየን። ወር ሳይሞላ ደውላ አርግዣለሁ አለችኝ። ልጅቷ ስትወለድ ሰፈሩ ሁሉ በጣቱ ወር ይቆጥር ጀመር። እኔም ገነትም ጥቁር ነን፤ ልጅቷ ቀይ ናት፣ አፍንጫዋ ሰልካካ። ገነትን አልፎ አልፎ በመኪናው ይሸኛት የነበረ አንድ ሲሚንቶ ነጋዴ ደግሞ ቀይ ነው። ይህን ጓደኞቼ በየሳምንቱ ያስታውሱኛል፤ እንዳልረሳው አስበውልኝ።

ፍርድ ቤቱ አብረን መኖራችንን አይቶ በወር ሦስት ሺህ ብር ቀለብ ወሰነብኝ። ባጃጁ የእኔ አይደለም፤ ለባለቤቱ የቀን ገቢ አስገባለሁ። ቤንዚን በወረፋ፣ ወረፋው ካልደረሰኝ በጥቁር ገበያ እገዛለሁ። ቀለቡን ለመሙላት ሹም አቦ ሰፈር የነበረችኝን ክፍል ለቅቄ ከሚያንኮራፋ ጓደኛዬ ጋር ተዳበልሁ። ቴሌቪዥኔን ሸጥሁ። ሥጋ የማየው በሉካንዳ መስኮት ሆነ። ዲኤንኤ ላስመርምር ብዬ ብጠይቅ ናሙናው አዲስ አበባ ነው የሚላከው ተባለ፤ ዋጋውን ሲነግሩኝ ማሽኑን ሊሸጡልኝ መስሎኝ ነበር። ስለዚህ ርካሹን መረጥሁ... መጠራጠር። የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራትማ ጭራሽ ሳልከፍል ቀረሁ።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ ጃንጥላቸውን ተደግፈው ሰሙኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ልጅቷን ታያታለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እሑድ እሑድ ሐይቁ ዳር ወስጄ ዓሣ እንደማበላት፣ እሾሁን የምለቅምላትም እኔ እንደሆንሁ ነገርኋቸው።

«ስሟ ማን ነው?»

«ሶልያና።»

«እስቲ ጥላ ያለበት አቁምልኝ» አሉኝ።

ዳር ይዤ አቆምሁ። ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና ቀስ ብለው ተናገሩ።

«የገነት አባት ነኝ። ወሬህ ደልጊ ድረስ ደርሶ፣ የመጣሁት አንተን ፍለጋ ነበር።»

ሽማግሌ ልኬ ስላላገባኋት ከአባቷ ጋር ተያይተን አናውቅም። አባቷ መሪጌታ መሆናቸውን፣ ደልጊ እንደሚያገለግሉ ብቻ ነው የማውቀው። ዞር ብዬ ደህና አድርጌ አየኋቸው። ቀይ ናቸው። አፍንጫቸው ሰልካካ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሲሚንቶ ነጋዴው ነው ያልሁት አፍንጫ፣ ባለቤቱ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

ይቅርታ ልጠይቅ ወይስ ባጃጁን ጥዬ ልሩጥ እያልሁ ሳስብ፣ እሳቸው አልተቆጡም። ቢቆጡ በተሻለኝ። በመሐረብ የተቋጠረ ብር ከጉያቸው አውጥተው እጄ ላይ አኖሩ። በሬ ሸጠው ነው የመጡት።

«ምርመራውን አስደርግ» አሉኝ። «ያንተ ካልሆነች እስካሁን የከፈልኸውን ሁሉ እኔ እመልስልሃለሁ። ያንተ ከሆነች ግን አሁን ለእኔ ያወራኸውን ላወራህለት ሰው ሁሉ፣ ልጄ ናት ብለህ ትናገራለህ።»

እሺ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ? በዚያው ሳምንት ገነት ልጅቷን ይዛ ላቦራቶሪው መጣች፤ ናሙና ሰጠን። ሶልያና ጥጡን አፏ ውስጥ ሲያስገቡት ከረሜላ መስሏት ልትመጠው ሞከረች።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ሁለት ዓመት «የእኔ መሆኗን በምን አውቃለሁ» ስል የኖርሁ ሰው፣ አሁን አይደለችም ቢሉኝስ እያልሁ ምግብ አልበላ አለኝ። ብሬ ይመለስልኛል ብዬ ደስ ሊለኝ ሞከርሁ፤ ደስታው እምቢ አለ። እሑድ ዓሣ ቤት ብቻዬን ተቀምጬ ለራሴ እሾህ ስለቅም ይታየኛል...

ውጤቱ መጣ። ልጄ ናት።

ለመሪጌታ ደወልሁ። እሳቸው ድሮም አልተጠራጠሩም። የበሬውን ብር ቀስ እያልሁ ልመልስልዎት ብላቸው፣ መጀመሪያ የልጅቷን የሁለት ወር ውዝፍ ክፈል ብለው ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ።

እኔም ያገኘሁትን ደንበኛ ሁሉ እያስቆምሁ ተናዘዝሁ። ትራፊክ ፖሊሱ ጋ ሳይቀር ሄጃለሁ፤ እንኳን ደስ አለህ ብሎ መንጃ ፈቃዴን ጠየቀኝ። ያላገኘኋችሁ ተሳፋሪዎች ግን ብዙ ናችሁና ይኸው እዚህ ጻፍሁላችሁ።

ትናንት ውዝፉን ይዤ ገነት ቤት ሄድሁ። ይቅርታም ጠየቅኋት። ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠረችው፤ ይቅርታውን ግን አልቆጠረችውም። ከዚያ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ሶልያና ሦስት ዓመት ሞልቷት መዋዕለ ሕፃናት ልትገባ ነው... ምዝገባ፣ ዩኒፎርም፣ የምሳ ዕቃ፣ ወርኃዊ ክፍያ። ከላይ በእጇ «የአባት ድርሻ» ብላ ጽፋበታለች።

ስጠራጠር በወር ሦስት ሺህ ብር ነበር የምከፍለው... እርግጠኛ ስሆን አምስት ሺህ ገባ።