ጋትሏክ ከሄደ በኋላ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት መምህርት ልትሰናበተኝ መጣች። የእርዳታ ድርጅት ቀጥሯታል። መንገድሽን ያቅናልሽ ብዬ ሸኘኋትና ብቻዬን ስቀር ጋትሏክ ትዝ አለኝ።

ያኔ ሁለታችንም ጋምቤላ ከተማ ባለ የግል ኮሌጅ ውስጥ አዲስ መምህራን ነበርን። እሱ የኢታንግ ኑዌር፣ እኔ አቦቦ ያደግሁ የሰፋሪ ልጅ። አንዲት ቆርቆሮ ቤት አብረን ተከራይተናል። ማታ ማታ እሱ ከባሮ ዳር ዓሣ ገዝቶ ይመጣል፣ እኔ እጠብሳለሁ፤ በረንዳው ላይ እየበላን ተማሪዎቻችንን እናማለን። የመጋቢት ሙቀት እንኳ ከእሱ ጋር ይቻል ነበር።

አንድ ጊዜ ኮሌጁ አንድ መምህር አዲስ አበባ ልኮ ሁለተኛ ዲግሪ ሊያስተምር ነው ተባለ። ልቤ ተሰቀለ። የኮሌጁ ባለቤት ግን ጠርተውኝ፣ "ጋትሏክ አገሩ ነው፣ የትም አይሄድም። አንተ ደገኛ ነህ፤ ከተማርክ እብስ ትላለህ" አሉኝ። የእናቴ ማሳ፣ የአባቴ መቃብር አቦቦ ነው። ለእሳቸው ግን ይሄ አገሬ ሆኖ አልታያቸውም። ዕድሉ ለጋትሏክ ሆነ።

ሊሄድ ሲል መናኸሪያ ላይ ትከሻዬን ይዞ፣ "አንተ አትዘን። እኔ የተማርኩትን ለአንተ አመጣለሁ" አለኝ። እስኪመለስ የእሱንም ክፍሎች እኔ አስተማርኩ።

ቃሉን ጠበቀ። ሲመለስ ሌላ መምህር ሆኖ ነበር፤ ጥግ ይዘው የሚያንቀላፉት ሳይቀሩ እሱ ክፍል ውስጥ እጃቸውን እያወጡ ይከራከራሉ። ማታ ዓሣው እየቀዘቀዘ ዘዴውን ለእኔም ያሳየኛል። እንደዚያን ሰሞን ማስተማር ጥሞኝ አያውቅም።

ክረምቱ ሳይወጣ ጋትሏክ ትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ሥራ አገኘ።

"ትተኸኝ ልትሄድ ነው?" አልኩት።

"የአክስቴ ልጆች ከደቡብ ሱዳን መጥተው እዚያ ናቸው። እኔ ካልሄድኩ ማን አላቸው?"

አገሩ ነው ብለው ላኩት፤ የወሰደውም ያው አገሩ፣ ዘመዱ ሆነ። የኮሌጁ ባለቤት ተናደው፣ "እኔ አስተምሬ ሌላ ይውሰድ? ከእንግዲህ ማንንም አልልክም!" አሉ። ቃላቸው ጸና። ከዚያ በኋላ የመጡት መምህራን እዚህ ምንም እንደማያገኙ ሲያውቁ ዓመት ሳይሞላቸው ይበተናሉ፤ አልዌሮ ወንዝ ዳር ወዳለው የሩዝ እርሻ የሄደም አለ።

እኔ በረንዳው ላይ መብላት ተውኩ። ጎረቤት እንዳያየኝ ይመስል በሬን ዘግቼ፣ ቆሜ እጎርስ ነበር። ብቸኝነቱ በላኝ።

ዛሬ በየምረቃው "ታማኝ መምህራችን" ተብዬ ይጨበጨብልኛል። አንገቴን እደፋለሁ፤ ሰው ትሕትና ይመስለዋል። ታማኝነት አልነበረም። ና የሚለኝ አጥቼ ነው የቀረሁት።