ጥፍር ቀለም የተቀባችው ሽጉጥ

ነገሩ ከሆነ ሃያ ዓመት አልፎታል። ያኔ እስራኤል አገር፣ ረሆቦት ከተማ ውስጥ፣ እኛ ሰፈር ክርያት ሞሼ፣ የአንድ ትምህርት ቤት በር ጠባቂ ነበርኩ። ዛሬ የምኖረው ቤኤር ያዕቆብ ነው፤ ሥራዬም ሌላ ነው። ቢሆንም መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ የሚወለውል ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር ያ በር ይናፍቀኛል። ናፍቆቱ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ እፍረት አብሮት ይመጣል።

ጊዜው አስጨናቂ ነበር። አውቶቡስ ስንሳፈር እንኳ ፈንጂ ፈርተን ልባችን አይረጋም፤ በየትምህርት ቤቱና በየገበያው በር የታጠቀ ጠባቂ ይቆማል። ከሠራዊት እንደወጣሁ ያገኘሁት ሥራ እሱ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። እናቴ ኩላሊቷን ታማለች፣ ሁለቱ ታናናሾቼ ተማሪዎች ናቸው፤ የቤቱ ምሰሶ እኔ ነበርኩ።

በሩን የምንጠብቀው ሁለት ነበርን። ጠዋት አባ ማለደ፣ ከቀትር በኋላ እኔ። ሽጉጧም ለሁለታችን አንድ ነበረች፤ የጥበቃ ኩባንያው ንብረት የሆነች ስድስት ጎራሽ ሪቮልቨር። ፈረቃ ስንቀያየር አባ ማለደ ጥይቶቹን አውጥተው መዳፌ ላይ አንድ በአንድ እየቆጠሩ ያስረክቡኛል። ስድስቱ ሲያልቁ ከኪሳቸው ቆሎ ይዘግኑና «ሰባተኛዋ ደግሞ ይቺ ናት» ይሉኛል። በየቀኑ ይሏታል፣ እኔም በየቀኑ እስቃለሁ።

አባ ማለደ ስድሳን ተሻግረዋል። ጎንደር ሳሉ አባታቸው ጠመንጃ የሚጠግኑ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ የተጠገነውን ተኩሰው የሚፈትኑት እሳቸው። ከተራራ ማዶ ያለች ቆቅ ወንድ ትሁን ሴት ይለያሉ ይባልላቸው ነበር፣ እሳቸውም አያስተባብሉም። እዚህ አገር ከመጡ ወዲህ ግን ዕብራይስጡ እምቢ ብሏቸው፣ ለአንዲት ወረቀት ሁሉ የልጆቻቸውን ፊት ያያሉ። አገር ቤት ከነበራቸው ክብር የተረፈው ዓይናቸው ነበር።

እኔ ደግሞ መተኮስ አልችልም። ሠራዊት ውስጥ ቢሮ ነው የዋልኩት። የጥበቃ ፈቃድ ለማደስ የተኩስ ፈተና ስገባ የኢላማው መሐል ጥቁር ነው፣ የሽጉጧ ማነጣጠሪያም ጥቁር ነው፤ ጥቁሩ ከጥቁሩ ጋር ሲገናኝ ምኑን ከምኑ ልለየው? ወደቅሁ። የኩባንያው ተቆጣጣሪ ሌላ ዕድል እንደሚሰጠኝ፣ ሁለተኛ ከወደቅሁ ግን ቤቴ እንደምገባ ነገረኝ። ሁለት ሳምንት ነበረኝ።

አባ ማለደን ምክር ጠየቅኋቸው። ትንፋሼን ሰብሰብ አድርጌ ጫፏን ብቻ እንድመለከት መከሩኝ። «ጥቁር ከጥቁር አይጠፋም» አሉኝ። «የሚጠፋው ልብሽ ነው።» እውነታቸውን ይሆናል፤ የእኔ ልብ ግን እንደጠፋ ቀረ።

በመጨረሻ፣ ሌላ በር የምትጠብቅ አንዲት ሴት የፊት ማነጣጠሪያውን ቀይ ጥፍር ቀለም እንድቀባው ነገረችኝ። ልጆቹ ወደየቤታቸው ከሄዱ በኋላ ጥይቶቹን አውጥቼ፣ የእህቴን ጥፍር ቀለም በጥርስ መፋቂያ ስንጥር እየነከርኩ ቀባሁት። ሳነጣጥር ጫፏ እንደ በርበሬ ቀልታ ታየችኝ። ያን ቀን እየዘፈንኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

በማግስቱ አባ ማለደ ሽጉጧን ሲያስረክቡኝ ቆሎውም ቀልዱም ቀረ። «ልጄ፣ ብረት ራሱ ጌጥ ነው» አሉኝ። «ቀለም የሚያይ ሰው ጠላቱን አያይም።» አቀርቅሬ፣ እስከ ፈተናው ብቻ እንዲታገሡኝ ለመንኳቸው። ጠመንጃ ጥፍር አብቅሎ እንደማያውቅ እያጉተመተሙ ተውልኝ።

ሦስት ቀን አልቆየም፣ ተቆጣጣሪው ሳይነግረን መጣ። ልክ ስንቀያየር ነው የደረሰብን። ሽጉጧን ተቀብሎ ቀይዋን ጫፍ ሲያይ ፊቱ እሷኑ መሰለ። የኩባንያውን መሣሪያ ማንም እንደማይነካካ፣ ይህን ያደረገው ሰው ዛሬውኑ ሥራውን እንደሚለቅ በዕብራይስጥ ጮኸ። የእናቴ መድኃኒት፣ የታናናሾቼ ፊት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጡብኝ።

አባ ማለደ ወደ እኔ ዞሩና «ምን ይላል ይኸ ሰውዬ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሥራ ስለመልቀቁ ያለውንም ነገርኳቸው። ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረው ጣታቸውን ደረታቸው ላይ ጫኑ፤ «አኒ» አሉ፣ እኔ ነኝ ማለታቸው ነው። ወዲያው ለእኔ በአማርኛ፦

«ዓይኔ ደክሞብኛል፣ ጥቁሩ አልታይህ ብሎኝ ነው ብለሽ ንገሪው።»

ነገርኩት። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ይኸ ነው። «አይደለም፣ እኔ ነኝ» ማለት ስችል፣ የእኒያን ሰው ዓይን ደካማ ነው ብዬ በገዛ አፌ ቃል በቃል ተረጎምኩት።

ተቆጣጣሪው በረደ። አባ ማለደን ያከብራቸው ነበር። መኪናው ውስጥ ካለው ሣጥን ሌላ ሪቮልቨር አመጣ፤ ይቺኛዋ ጫፏ ከፋብሪካው ቀይ ሆና የመጣች ናት። የእኛንም ቀለሟን በስለት ፋቅ አድርጎ ጥቁሯን መለሰና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠ። የደከመው ዓይን የእሳቸው ስለሆነ ይምረጡ አለ። አባ ማለደ መጀመሪያ ጥቁሯን አንሥተው ወደ ግድግዳው አነጣጠሩ። ክንዳቸው ንቅንቅ አላለም። ቆይተው ቆይተው፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ አድርገው አስቀመጧትና «ቀይዋ ትሻለኛለች» አሉ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ተቆጣጣሪው በሳምንት ውስጥ የዓይን ምርመራ ወረቀት ካላመጡ መሣሪያ እንደማይዙ ነገራቸው። እንግዲህ አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ በእኛ ሰፈር ሽማግሌ ክሊኒክ ሲሄድ አንድ ወጣት አብሮ መግባቱ ወግ ነው። እኔው ገባሁ።

በሩ ላይ ያዝ አደረጉኝ። «ብዙ ካጠፋሁ ሽጉጡን ይነጥቁኛል። ምንም ካላጠፋሁ ውሸታም ነኝ፣ አንቺም ትጋለጫለሽ። ለክተሽ ተርጉሚ።»

መርማሪዋ ግድግዳው ላይ፣ ባንድ ጎኑ የተከፈተ ምልክት እያሳየች በየት በኩል እንደተከፈተ ትጠይቃለች። አባ ማለደ አንዱንም አይስቱም። ቀኙን ቀኝ፣ ግራውን ግራ ይላሉ፤ እኔ ላይኞቹን በትክክል እየተረጎምኩ፣ ወደ ታች ስንወርድ አንድ እዚህ አንድ እዚያ አጣምማለሁ። መጨረሻው መስመር ላይ፣ እኔ ነጥብ ብቻ የሚታየኝ ቦታ፣ ሳይተነፍሱ አነበነቡት። ጨምረውም በአማርኛ እንዲህ አሉኝ፦

«ከሥሩ ደግሞ የዝንብ እግር የሚያክል ጽሕፈት አለ። እሱን ለእሷ አትንገሪያት፤ አንቺ ግን እወቂው።»

መርማሪዋ ምን አሉ ስትለኝ፣ አይታየኝም ይላሉ አልኳት። ቀለል ያለ መነጽር አዘዘችላቸው፣ መሣሪያ ለመያዝ ያበቃቸዋል ብላም ማኅተሟን መታች።

እኔ በቀይዋ ሽጉጥ ፈተናዬን አለፍኩ። አባ ማለደ ደግሞ መነጽር ለባሽ ሆኑ። ሰፈርተኛው አልማራቸውም። በሩ ላይ እያለፈ «አባ፣ ቆቋ አመለጠች ወይ?» የሚለው ብዙ ነበር። ይስቃሉ። ተቆጣጣሪው ሲመጣ አፍንጫቸው ላይ ያደርጉታል፣ ሲሄድ ያወልቁና በሸሚዛቸው ጫፍ ወልውለው ኪሳቸው ይከቱታል። አንድ ቀን መሸከም ቢያቅተኝ፣ ለተቆጣጣሪው እውነቱን ልነግረው ነው አልኳቸው። «አርፈሽ እናትሽን አስታሚ» ብለው ቆሎ ዘገኑልኝ። እኔም አረፍኩ። ማረፉ እኮ ደግሞ ይቀላል።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሠራን። በሕይወቴ እንደዚያ በር ላይ የሳቅሁበት ቦታ የለም። ከዚያ እሳቸው ጡረታ ወጡ። እኔ ተማርኩ፣ ክርያት ቫይዝማን ውስጥ ላቦራቶሪ ገባሁ፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ጉልበታቸውን እስማለሁ፣ ስለ ዓይናቸው ግን አንነጋገርም ነበር።

ካቻምና አባ ማለደ አረፉ። ለቅሶ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹ እያነሡ እየጣሉ ያወሷቸዋል። አንደኛው «አየ ማለደ፣ እንዲያ ያለ ተኳሽ! ይኸ አገር ዓይኑን በላበት» አሉ። ሌሎቹም ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ መቀመጥ አቃተኝ። ባለቤታቸው እማማ ዘውዴ ወዳሉበት ፍራሽ ተጠግቼ፣ የአባ ማለደ ዓይን አንድም ቀን ደክሞ እንደማያውቅ በጆሯቸው ነገርኳቸው።

እማማ ዘውዴ አልደነገጡም። «እሱንማ አውቃለሁ» አሉኝ። «ቤት ሲገባ መነጽሩን አውልቆ መርፌዬ ላይ ክር የሚያስገባልኝ እሱ አልነበር? አንዲት ልጅ እንጀራዋ እንዳይቋረጥ ብዬ ነው አለኝ። ማን ናት ብዬ ብጠይቀው፣ የሰው ልጅ ስም አላጠፋም እንዳለ ሄደ።»

ጉልበታቸውን ስሜ ተነሣሁ፤ ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ የማን ቀለም እንደነበረ፣ ክሊኒክ ውስጥ ምን እንዳጣመምኩ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ማንም አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀለለኝ ልል አልችልም። በቁማቸው ሳሉ ልመልስላቸው የሚገባኝን ስም ለአስከሬናቸው ነው የመለስኩት። ሳይሰሙት ሄዱ።