አልምልም ያልኩ ጊዜ

ከጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ቤት ወጥቼ ሐዲስ ኪዳንን ከነትርጓሜው ልማር ወደ እስቴ በተሻገርኩበት ዘመን ከአፌ መሐላ አይጠፋም ነበር። የእኔ ብቻ አልነበረም፤ አገሩ ሁሉ እንዲሁ ነው። በሬ የሚሸጠው «ጊዮርጊስን!» ይላል፤ ጎረቤቷን የምታማው «እመቤቴን!» ትላለች፤ ነገረተኛው ከዳኛ ፊት ሲቆም ኩታውን አደግድጎ «ንጉሥ ይሙት!» ይላል። ሰው መዋሸቱ እንጂ መማሉ ነውር ነው ብሎ ያሰበ አላውቅም።

የሐዲስ መምህራችን ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ጠዋት ጌታ በተራራው ላይ ያስተማረውን እየተረጎሙልን ከመሐላው ላይ ደረሱ። በሰማይም ሆነ በምድር፣ በገዛ ራስም ቢሆን መማል እንደማይገባ፣ የክርስቲያን ቃል አዎን ወይም አይደለም ብቻ ሆኖ መቅረት እንዳለበት እያብራሩ ነጭ ጢማቸውን ሳብ አደረጉና «ይቺን አንዷን ጠጉር እንኳ መልሼ ላጠቁራት አልችልም። በማላዝበት ራሴ ምን ብዬ እምላለሁ?» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «ገባህ?» ሲሉኝ፣

«ማርያምን! ገብቶኛል የኔታ!» አልኳቸው።

ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን አልሳቁም። አንድ ጊዜ አይተውኝ ወደ ንባባቸው ተመለሱ። ያን ቀን እህል አልወርድልህ አለኝ። ቃሉን በዜማም በንባብም በትርጓሜም ይዤዋለሁ፤ አፌ ግን አልሰማውም። ሌላውን ትእዛዝ ሁሉ መፈጸም ቢያቅተኝ ይቺን አንዷን እንኳ በኑሮዬ ልፈጽማት ብዬ ቆረጥኩ። ቀላሏ መስላኝ ነበር።

ወደ ጋይንት ተመልሼ ሚስት አግብቼ፣ ማኅሌት እየቆምኩ ገብስ እያረስኩ መኖር ስጀምር ነው ቀላል አለመሆኗን ያወቅሁት። በግ ልሸጥ ገበያ ወጣሁ። ገዢው የበጉን ጀርባ ሲዳብስ ቆየና «በሽታ እንደሌለበት እስቲ ማልልኝ» አለኝ።

«የለበትም።»

«እሱማ ይሁን፤ ማላ!»

«የለበትም አልኩህ እኮ!»

ሰውየው በጉን ትቶ እኔን ያይ ጀመር። አንድ ነገር የደበቅሁ መሰለው። ቀጥሎ ካለው ሰው ገዛ፤ ያኛው ሰው እስከ ሰባት ቤት ምሎለታል። በጌን እየጎተትኩ ተመለስኩ።

ገበያው ይቅር፤ ቤቱ ነው የባሰው። በእኛ አገር እንግዳ «በሞቴ» ሳይባል አይበላም። «በሞቴ» ማለት ደግሞ መሐላ ነው፤ በገዛ ሞት ሌላውን ማስገደድ ነው። እኔ «ብሉ እንጂ» ብቻ እላለሁ። አንድ ጊዜ አማቴ ከስማዳ ድረስ በእግራቸው መጥተው፣ ዶሮ ታርዶላቸው፣ ሁለት ጉርሻ ጎርሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። እስክለምናቸው ይጠብቃሉ። «ይብሉ እንጂ እማዬ» አልኳቸው። አሁንም ጠበቁ። እኔም ጠበቅሁ። መጨረሻ ላይ «ጠግቤያለሁ» ብለው እጃቸውን ታጠቡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ሲሸኙ ለልጃቸው «ባልሽ ሥሥት አለበት» ብለዋት ሄዱ።

ሚስቴ ያን ቀን አለቀሰች። «እንግዳ ሲመጣ በሞቴ ካላሉ ማን ይበላል? ወንጌሉ እናቴን አስርቡ ብሏል?» አለችኝ። ወጥቼ በጓሮ ተንጎራደድኩ። ጽድቅ መስሎኝ የያዝኩት ነገር ሰው የሚያስቀይም ሆኖ አየሁት፤ እንዳልተወው ደግሞ የኔታ ዓይን ከፊቴ አይጠፋም።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስኖር ነው የጎረቤታችን ሚስት ወደ ቤቴ የመጣችው። ባሏ ከሞተ ዓመት አልሞላውም። ልጆቿ ትናንሾች ናቸው። የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ምንጩ አጠገብ ያለውን ላይኛውን ማሳ «ለወንድሜ ዕድሜውን ይረስ ተብሎ ነው እንጂ በክፍፍል አልደረሰውም» ብሎ ከሷታል። ነገሩ ንፋስ መውጫ ከተማ ያለው ዳኛ ዘንድ ቀርቧል።

«መሪጌታ፣ ወንድማማቾቹ ርስታቸውን ሲካፈሉ እርስዎ ነበሩ አይደል?» አለችኝ።

ነበርኩ። ያኔ ገና የድጓ ተማሪ ነኝ፤ ለበዓል ወደ ቤት እንደመጣሁ የሰፈራችን ቄስ «ና፣ ለርስት ክፍፍሉ አብረኸኝ ቁም» ብለው ይዘውኝ ሄዱ። ሽማግሎቹ ገመድ ጥለው ሲያካፍሉ ከዳር ቆሜ ዓይቻለሁ። ቄሱም ሽማግሎቹም ከዚያ ወዲህ ሁሉም አርፈዋል። ያን ቀን ከነበርነው በሕይወት ያለነው እኔና ከሳሹ ብቻ ነን። ላይኛው ማሳ ለሟቹ እንደደረሰ በዓይኔ ዓይቻለሁ።

«ላይኛው የባልሽ ነው፤ እመሰክርልሻለሁ» አልኳት።

ከእግሬ ወደቀች። እሷ ከሄደች በኋላ ነው ሚስቴ ቀስ ብላ «ዳኛው ማል ይላሉ እኮ» ያለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አጣሁ። ማረሻ ይዤ ትልሙ ይጠፋብኛል። ማኅሌት ቆሜ ዜማው አምልጦኝ ጎን ለጎን ያሉት ይጎሽሙኛል። እምላለሁ ብዬ አስባለሁ፤ ወዲያው የኔታ ጢማቸውን ሲስቡ ይታየኛል። አልምልም ብዬ አስባለሁ፤ ወዲያው የሴትዮዋ ልጆች በራፌ ላይ ያልፋሉ። በመጨረሻ አልቻልኩም፤ በሬዎቹን ለጎረቤት ሰጥቼ የኔታን ልጠይቅ ወደ እስቴ ወረድኩ።

የኔታ አርጅተው፣ ከደጃፋቸው ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ነገሩን ስነግራቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና መተርጎም ጀመሩ። አንድም ጌታ የከለከለው በከንቱ መማልን ነው፤ ለፍርድና ለእውነት ሲሆን የፈቀዱ አባቶች አሉ። አንድም ፈጽሞ አትማሉ ማለቱ ነው፤ እስከ ሞት የጠበቁት አሉ። ሁለቱንም በምስክር አጸኑት።

«እንግዲህ እኔ የትኛውን ልያዝ የኔታ?» አልኳቸው።

«እሱን ልታሸክመኝ መጣህ?»

«ጨንቆኝ ነው።»

«ምኑ ነው የጨነቀህ? የሴትዮዋ ነገር ነው ወይስ ስትምል የሚያይህ ሰው?»

ደነገጥኩ። እሳቸው መልስ አልጠበቁም። «ወንዙ ሳይሞላ ሂድ» ብለው መረቁኝ። ቁርጥ ያለ ነገር ይዤ ልመለስ ሄጄ፣ የባሰ ጥያቄ ተሸክሜ ዳገቱን ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ ብቻዬን ስናገር የሰሙኝ እረኞች አብዷል ብለው ሳይሆን አይቀርም ከመንገድ ዞር አሉልኝ።

የቀጠሮው ቀን ንፋስ መውጫ ደረስን። ከዳኛው ጀርባ የጃንሆይ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ከፊታቸው ጠረጴዛ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ወንጌል አለ። በመጀመሪያ የከሳሹ ሁለት ምስክሮች ቀረቡ። አንዱን አላውቀውም፤ አንዱ ክፍፍሉ ሲደረግ ገና እናቱ ጀርባ ላይ የነበረ ልጅ ነው። ሁለቱም ወንጌሉን እንደ ትኩስ ድስት ያዝ ለቀቅ አድርገው ማሉና ላይኛው ማሳ አልተካፈለም አሉ።

ከዚያ እኔ ተጠራሁ። ዳኛው «እጅህን ወንጌሉ ላይ አድርግና ማል» አሉኝ።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ምን እንደምል አላወቅሁም ነበር። አፌ ግን «አልምልም ጌታዬ፤ ያየሁትን እናገራለሁ» አለ።

በችሎቱ ያለው ሰው ሳቀ። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ።

«ለምን አትምልም? ልትዋሽ ነው?»

«አይደለም ጌታዬ። አትማሉ የሚለው ያለው እዚያው በመጽሐፉ ውስጥ ነው።»

ዳኛው ወንጌሉን አየት አደረጉ። ቁጣቸው ሲመጣ አንገታቸው ሲቀላ አየሁ። «እኔን ልታስተምር ነው የመጣኸው? ያልማለ ሰው ቃል እዚህ አይጻፍም! በችሎት ድፍረት ማረፊያ ቤት እንዳለ ታውቃለህ?» አሉኝ።

ሴትዮዋ ከኋላዬ ደረቷን ደቃች። «መሪጌታ! ልጆቼን ሜዳ ላይ ሊጥሉብኝ ነው? በሞትኩት፣ ይማሉልኝ!» አለች። እጄ ወደ ወንጌሉ መሄድ ጀምሮ ነበር፤ ዛሬም ድረስ እጄ ሲሄድ ይታወቀኛል።

ያስቆመኝ ያልጠበቅሁት ሰው ነው። ከሳሹ፣ የሟቹ ወንድም፣ ኩታውን አደግድጎ ቀረበና «ጌታዬ፣ ተዉት ሳይምል ይናገር። ይኽ ሰው አማቱን እንኳ በሞቴ ብሎ የማያጎርስ ነው፤ አገሩ ያውቀዋል። እሱ ያለውን እቀበላለሁ» አለ።

ለምን እንዲህ እንዳለ ያኔ አልገባኝም። ዳኛው ወደ ሴትዮዋ ዞረው «አንቺስ ያልማለውን ቃል ትቀበያለሽ?» ቢሏት፣ «እንዴታ! እቀበላለሁ እንጂ!» አለች፤ ፊቷ በራ። ጸሐፊው ብዕሩን አነሳ።

ያየሁትን ተናገርኩ። ገመዱ ከየት ወደ የት እንደተጣለ፣ ማን ጫፉን እንደያዘ፣ ላይኛው ማሳ ለታላቅየው ደረሰህ ተብሎ ሲመረቅ እንደሰማሁ አንድ በአንድ አስረዳሁ። ሴትዮዋ ተነፈሰች። እኔም ተነፈስኩ። አለቀ መስሎኝ ነበር።

ዳኛው ግን «ስለዚያ ክፍፍል ሌላ የምታውቀው አለ?» አሉኝ።

አለ።

ከአውድማው በታች ያለው የሣር መሬት የታናሽየው ድርሻ ነበር። ታላቅየው ግን ያን ቀን «ወንድሜ ጎጆ እስኪወጣ እኔ ልያዘው» ብሎ ሽማግሎቹን ለምኖ ይዞታል። ወንድሙ ልጅ ስለነበር ዝም አለ። ኋላም ታላቁን አፍሮ ሳይጠይቀው ኖረ። ሴትዮዋ የገባችው ከዚያ በኋላ ነው፤ ይኽን አታውቅም። ባሕር ዛፍ ተክላበታለች፤ ዛፉም ለማገር ደርሷል። ከሳሹን ቀና ብዬ ሳየው ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም። ያኔ ገባኝ። እኔ ካልተናገርኩት በቀር የሚናገርለት ሰው እንደሌለው ያውቃል። ላይኛውን የከሰሰውም የሣሩን የሚመሰክርለት ያለ ስላልመሰለው ነበር፤ እኔን ሲያይ ግን የራሱን ድርሻ መረጠ።

ያን ሁሉ ሰሞን ያስጨነቀኝ «ልማል አልማል» ነበር። አሁን ግን መሐላው ሄዷል፤ የቀረችው «የለም» የምትል አንዲት ቃል ናት። ማንም አይከሰኝም። መጽሐፍ አልነካሁም፤ የጠራሁትም ቅዱስ የለም። ዳኛው «ምን ሆንክ?» አሉኝ።

«አለ ጌታዬ» አልኩና ተናገርኩት።

ሴትዮዋ ዞር ብላ አየችኝ ብቻ። በትክክል ሰምታኝ እንደሆነ የምታጣራ እንጂ የምትጣላኝ አትመስልም ነበር፤ በመጨረሻ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ዳኛው ላይኛውን ማሳ ለእሷና ለልጆቿ፣ የሣሩን መሬት ለወንድምየው ፈረዱ፤ ዛፏን ቆርጣ ትውሰድ አሉ። ሲመለሱ ሁለቱም ቀድመውኝ ሄዱ። እኔ ብቻዬን በነፋሱ ቀረሁ።

ክረምቱን ሙሉ አላናገረችኝም። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስታየኝ በሴቶች በር በኩል ትዞራለች። ሚስቴ «ይማሉ ሲባሉ አልምልም አሉ፤ ዝም ማለት ሲችሉ ተናገሩ፤ እርስዎን ማን ያውቅዎታል?» አለችኝ። በነገር አልነበረም፤ ከልቧ ግራ ገብቷት ነው። እኔም ለራሴ ግራ ገብቶኝ ነበር። ትክክል የሠራሁ እየመሰለኝ ደስ አይለኝም፤ ደስ ሳይለኝ ደግሞ መልሼ ብጠየቅ ያንኑ እንደምናገር አውቃለሁ።

በጋ ሲገባ ዛፉን መቁረጥ ጀመረች አሉኝ። ሳልጠራ መጥረቢያዬን ይዤ ሄድኩ። አየችኝ፤ ና አላለችኝም፤ ሂድም አላለችኝም። ከገዛ ወንድሟ ጋር ሆነን ስንቆርጥ ዋልን። ፀሐይ ሲከር ከግንዱ ላይ ቁጭ ስል ውኃ በቅል ሰጠችኝና እዚያው ቆመች።

«ባይናገሩ ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?» አለችኝ።

«ማንም አያውቅም ነበር።»

«እኔም አላውቅም ነበር። ልጆቼም የእሱን መሬት ሲበሉ ይኖሩ ነበር» አለች። ይቅር ብላኝ ነው እንዳልል ድምፅዋ ደረቅ ነበር። ቅሉን ተቀብላኝ ቅርንጫፏን ወደ ማሰር ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መንገድ ላይ ስንገናኝ «እንዴት አደሩ» ትለኛለች። የባሏ ወንድም የሣሩ መሬት ላይ ጎጆውን ሲሠራ ማገሩን ከእሷ ነው የወሰደው፤ በምትኩ ላይኛውን ማሳ ሁለት ክረምት አረሰላት።

ለእኔ የተረፈኝ ሌላ ጣጣ ነው። «እሱ ሳይምል ይታመናል» የሚለው ወሬ እስከ ስማዳ ደረሰ። በድንበር የተጣላ፣ ሚስቱን የተጠራጠረ፣ በግ የጠፋበት ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። አማቴ ሳይቀሩ ከጎረቤታቸው ጋር ተጣልተው «አማቼ ይዳኘን» ብለው ይዘዋት መጡ፤ ያን ቀን ግን ሳይለመኑ በሉ። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሆነው ዳገቱን ሲወጡ ካየሁ ልቤ መምታት ይጀምራል። ቃሌን ሊያምኑ ነው የሚመጡት፤ እኔ ግን ቃሌን እንደዚያ ማመን አቅቶኛል። አንዳንዴ ሚስቴን «የለም በያቸው» ልላት አፌን እከፍትና እተወዋለሁ። ማረሻዬን አቆምና፣ ላቤን በኩታዬ ጠርጌ፣ ወደ እነሱ እወርዳለሁ።