ጥለቱ ወደ ላይ

ባለቤቴ ሸማኔ ነው። ሽሮ ሜዳ ውስጥ የሱን ያህል ጥለት የሚያሳምር አልነበረም፤ የሱን ያህል የሚጎርርም አልነበረም። አርባን ካለፈ በኋላ እንኳ ገና በመጣ ቁጥር ዱላውን ይዞ ሜዳ ይወርዳል። "ጉልበትህ አርጅቷል፣ ያላረጀው አፍህ ብቻ ነው" ብዬው ነበር፤ ማን ሊሰማኝ!

በደርግ ጊዜ ነው። በአንዱ ገና የቀበሌያችን ሊቀመንበር የመታት የእንጨት ሩር የባሌን ግራ ዓይን አገኘችው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ? በሊቀመንበር ላይማ ጭራሽ ማን ይቆጣል! እሱም እየሳቀ ቤት ገባ። ጎረቤታችን "ዓይኑ እንዳይወድቅ" ብላ በመቀነቷ ጥርቅም አድርጋ አሰረችለት። ብዙም ሳይቆይ ግን ያ ጉረኛ ማቃሰት ጀመረ፤ አስመለሰውም። እየተነጫነጨ ታክሲ ውስጥ ከትቼ ሆስፒታል አደረስኩት።

ሐኪሙ መቀነቱን ፈትቶ ያበጠውን የዓይን ቆብ ሲገልጠው ዓይኑ ፈጥጦ ወጥቷል። በጣቱ ነካ አድርጎ፣ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል አለ። ያይ እንደሆነም ጠየቀው።

ጥርት አድርጌ አያለሁ አለ ባሌ። ውሸታም! ሰው ፊት መቼም ተሸንፎ አያውቅም። ሐኪሙን ደህናውን ዓይኑን እንዲሸፍንልኝ ለመንኩትና ነጠላዬን ገለበጥኩ፤ ጥለቱን ወደ ላይ፣ ልክ ለቅሶ ቤት እንደሚለበሰው። ሸማኔ ይህን አይቶ ዝም አይልም።

"ነጠላዬን እንዴት ነው የለበስኩት?" አልኩት።

"እንደ በዓሉ ነዋ። አምሮብሻል።"

አምሮብሻል! ከተጋባን ጀምሮ ብሎኝ አያውቅም። ሐኪሙን "አያይም" አልኩት። ያ ሁሉ ጥለት በአንድ ዓይን እንዴት ይሆናል?

ሐኪሙ ራጅ እንኳ አልጠበቀም። ከዓይኑ ኋላ ደም ቋጥሮ የእይታ ነርቩን እያነቀው ነው፣ ማሰሩ ደግሞ አብሶታል፣ ከዘገየን ብርሃኑ አይመለስም አለኝ። እዚያው አደንዝዞ የዓይኑን የውጭ ጥግ በመቀስ ቀደድ አደረገው፤ ታፍኖ የነበረው ዓይን መተንፈሻ እንዲያገኝ ነው። እኔ ኮሪደሩ ላይ ኪዳነ ምሕረትን እለማመናለሁ።

ኋላ ሲጠሩኝ ገባሁ። ሐኪሙ ደህናውን ዓይኑን በመዳፉ እንደገና ከደነው። ባሌ በዚያ በተቀደደው ዓይኑ ትክ ብሎ አየኝ፤ ፊቱም ቅጭም አለ።

"ማን ሞቶ ነው ጥለቱን ወደ ላይ ያደረግሽው?" አለኝ። "አስተካክዪው፣ ሥራዬን አታሰድቢ።"

ሳላስተካክለው እዚያው ቁጭ ብዬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።