የሰሎሜ ግራ ዓይን

አዲስ አቡጀዲ በሙጫ ርሶ ሲደርቅ የራሱ ሽታ አለው፤ የተቀቀለ ቆዳና የእርጥብ ግድግዳ ሽታ። ባለፈው ሳምንት ደባርቅ፣ ሥዕል ከሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ሸተተኝና እግሬ ቆመ።

እናቴ እኔን ስትወልድ ሦስት ቀን አማጠች። ያዋለደቻት የቀበሌያችን ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ ቤተ እስራኤል። ሰው ቡዳ ናት እያለ ከደጁ አያስጠጋትም፤ ምጥ ሲጠና ግን ሮጦ ይጠራታል። እኔ ዳዴ ከማለቴ በፊት ከዘመዶቿ ጋር እስራኤል ገባች። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ስሟን የሚያነሳ አልነበረም።

በዚያ ዓመት የዳባቱ ቤተ ክርስቲያናችን በአዲስ ሥዕል ሲታደስ፣ እናቴ ለልደት ሥዕል የሚሆን አቡጀዲ በስለት አስገባች። ከዚያም እኔን አስከትላ ሠዓሊው ዘንድ ሄደች። እመቤታችንን ያገለገለችውን ሰሎሜን በሸክላ ሠሪዋ መልክ እንዲሥልላት ለመነችው።

ሽማግሌው ሠዓሊ በከሰል እየጫረ መልኳን ጠየቃት። ግንባሯ ሰፊ ነው አለች፤ አንገቷ ላይ ንቅሳት አለ፤ ግራ ዓይኗን የሸክላው እሳት አጥፍቶታል።

ከሰሉ ቆመ።

«ልጄ፣ በእኛ ሥዕል ከሓዲ በጎን ስለሚሣል አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። ጻድቅ ግን ፊት ለፊት ስለሚሣል ሁለት ዓይን አለው። የትኛዋን ልሣልልሽ?»

እናቴ ወደ አቡጀዲው ጠጋ አለች።

«ፊቷን ወደ ሰው ያዙሩልኝ አባቴ። ዓይኗን ግን እንደነበረ ይተዉልኝ።»

እንዳለችው አደረገ፤ ፊት ለፊት፣ የግራ ዓይኗ ቆብ የተከደነ። በማግስቱ ሴቶች እየመጡ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ያዩ ጀመር። አንድ አዛውንት በመቋሚያቸው እያመለከቱ፣ «ይቺ ደግሞ እዚህም ገባች?» ብለው ሳቁ። እናቴም ሳቀች፤ ሸክላ ሠሪዋን አውቀዋታላ።

ቄሰ ገበዙ ግን ሕዝቡ ከይሁዳ ጋር ያምታታታል ብለው ዓይኑ እንዲከፈት አዘዙ። እናቴ እግራቸው ላይ ወደቀች። በክፋት አልመለሷትም፤ አንሥተው፣ «ለክብሯ ብዬ እኮ ነው» አሏት።

ሠዓሊው ዓይኑን ከፈተው። እናቴ በምሥራቁ በር በሚገባው ብርሃን ትክ ብላ አየችው።

«መልካም ሴት ናት» አለች፤ «ግን አላውቃትም።»

ዛሬ ነፍሰ ጡሮች ይሳለሟታል። እናቴ ካረፈች ወዲህ የዚያችን ሸክላ ሠሪ መልክ የሚነግረኝ የለም። ወደዚህ ዓለም ስመጣ በእጇ የተቀበለችኝን ሴት ላስብ ስሞክር፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች የምታየኝ ያቺ የማላውቃት ናት።