ለልጄ የቀረበውን ቦታ የመለስኩበት ቅዳሜ

የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ስትል ከእሷ ቀድሜ የፈራሁት እኔ ነኝ። ፎርም ስትሞላ ከኋላዋ ቆሜ የስሟን ፊደል እቆጥራለሁ። አውቶቡስ ተሳፍራ ደረስኩ ብላ እስክትደውል ስልኩን ከእጄ አላስቀምጥም። «ማሚ፣ ሪላክስ አድርጊ» ትለኛለች። ሪላክስ ማድረግን ማን አስተምሮኝ!

ከሆሳዕና ወደ ሲያትል ስንመጣ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ የጭነት መኪና ስለሚነዳ ሳምንቱን መንገድ ላይ ነው። እኔ ኦበርን የምትባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ዕቃ አሽጋለሁ። የትምህርት ቤት ስብሰባ ሲኖር እንግዲህ የምሄደው እኔ ነኝ። መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ሰው ሲስቅ እስቃለሁ፣ ሰው ሲያጨበጭብ አጨበጭባለሁ።

ከዩኒቨርሲቲው ሁለት ደብዳቤ መጣላት። አንደኛው መቀበሏንና ስኮላርሺፕ ማግኘቷን የሚናገር ነው። ሁለተኛው ኦነርስ ስለሚባል ፕሮግራም ነበር። ጎበዝ ጎበዞቹን መርጠው፣ ጥቂት አድርገው በትንሽ ክፍል የሚያስተምሩበት ነው ብላ አስረዳችኝ።

«ግዴታ ነው?»

«አይደለም። ኢንቫይት አድርገውኝ ነው።»

«ትምህርቱ ይከብዳል?»

«ትንሽ።»

ያቺን «ትንሽ» ይዤ ቀረሁ። ውጤቷ ከወረደ ስኮላርሺፑ እንደሚቋረጥ አውቃለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በእኛ እንዳይደርስ ብዬ ፈራሁ። 

ቅዳሜ ቀን አዲስ ተማሪዎች ከነቤተሰባቸው ተጋብዘው ሄድን። አዳራሹ ውስጥ ለየትምህርቱ ጠረጴዛ ተደርድሯል። የኦነርሱ ጠረጴዛ ላይ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሽበታም ሴት ተቀምጣለች። የፕሮግራሙ አማካሪ ናት። የልጄን ስም ከዝርዝሩ ላይ አገኘችውና ፊቷ በራ። ምዝገባው አርብ እንደሚዘጋ ነገረችን፤ ብዕሯን አነሳችና «አሁኑኑ ልመዝግብሽ?» አለቻት።

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። ሴትዮዋም ወደ እኔ ዞረች።

እኔም በምችለው እንግሊዝኛ «ኖ፣ ኖ፣ ቴንኪው፤ አትቸገሩ፣ ለሌላ ልጅ ስጡት» አልኩ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ» አልኩና ፈገግ ብዬ ጠበቅሁ።

ሴትዮዋም ፈገግ አለች። ብዕሩን ከደነችና ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ ብላ ከኋላችን ያለውን ቤተሰብ ጠራች። እኔ ገና ቆሜ ነበር። ልጄ ክንዴን ይዛ አወጣችኝ።

ለመመለስ ባቡር ተሳፈርን። ኋላ ላይ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣

«ለምን እምቢ አልሽ?» አለች።

«እምቢ መቼ አልኩ?»

«ማሚ! ኖ ብለሻል። ቱዋይስ!»

«ታዲያ ሦስተኛውን መቼ ጠየቀችኝ?»

ዞር ብላ አየችኝ። ሳቋ አመለጣት፣ ከሳቁ ጋር እንባዋም መጣ። «ሦስተኛ የለም እኮ! እዚህ አገር ሦስተኛ የለም!»

«አንቺስ አፍ የለሽም?»

«ትልቅ ሰው ሲናገር ጣልቃ አይገባም ብሎ ያሳደገኝ ማነው?»

 እኛ ቤት ያደገ ሰው ብላ ሲሉት አሁን በላሁ ይላል። ደግመው ሲሉት ጠግቤያለሁ ይላል። በሞቴ ሲሉት ነው እጁን የሚታጠበው። ባንዴ እሺ ያለ ልጅ አሳዳጊውን ያሰድባል። የልጄንም ቦታ እንደዚያ፣ እንደ ምግብ ቆጥሬ መልሼው ነበር።

ኦቴሎ ጣቢያ ወርደን ዳቦ ለመግዛት አንዲት የአገራችን ሴት ሱቅ ገባን። ትልቅ ሴት ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። የልጄ ዓይን ቀልቶ ሲያዩ ምን ሆነች አሉኝ፤ ነገርኳቸው። መደርደሪያውን ይዘው ሳቁ።

«ወይ አንቺ! እኔ መጀመሪያ ሥራ ስገባ በየልደቱ ኬክ ያመጣሉ። ትፈልጊያለሽ ሲሉኝ አልፈልግም እላለሁ። ሰውየው እሺ ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። የስንቱን ሰው ልደት ሳልቀምስ ቀረሁ መሰለሽ!»

ልጄም ሳቀች። እትዬ ግን ዳቦውን በፌስታል እያስገቡ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አሁን እውነቱን ንገሪኝ። ይሉኝታ ነው፣ ወይስ ልጅቷ እንዳትገባ ፈልገሽ ነው?»

«እርስዎ ደግሞ፣ እትዬ!» ብዬ ዳቦዬን ይዤ ወጣሁ።

ቤት እስክንደርስ ግን ጥያቄው ተከተለኝ። ሴትዮዋ ብዕሩን ስትከድን ደንግጫለሁ፤ ያ እውነት ነው። ከድንጋጤው ሥር ግን እፎይ ብዬም ነበር። ወግ ነው ብዬ ፍርሃቴን ነው ያስተናገድኩት። ጫማችንን እንኳን ሳናወልቅ ለልጄ ነገርኳት።

«ፈርቼ ነው። ከብዶሽ ሁሉንም እንዳታጪ ፈርቼ ነው። አንቺ ትፈልጊዋለሽ?»

«አዎ» አለች፤ ሳታስብ። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና በአማርኛ፣ ቃል ሲያጥራት በእንግሊዝኛ፣ አስረዳችኝ። እሷ መማር የምትፈልገውን፣ የሐይቅና የወንዝ ውሃ የሚመረምሩ መምህራን አሉ፤ ኦነርስ የገባ ተማሪ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ከእነሱ ጋር መሥራት ይችላል። ሌላው ዓመታት ይጠብቃል። የኦነርስ ተማሪዎች ለኮርስ ቀድመው ይመዘገባሉ። የራሷ አማካሪ ይኖራታል። ሥራ ስትፈልግ ስለ እሷ የሚመሰክር መምህር ይኖራል፤ ምክንያቱም ያውቃታል።

«አዳራሽ ሙሉ ሰው መሀል ተቀምጬ ማንም ሳያውቀኝ መጨረስ አልፈልግም» አለች። ቀጥላም፣ «አንቺ ስብሰባ ላይ እንደምትቀመጪው መቀመጥ አልፈልግም፣ ማሚ።»

ክፉ አስባ አልነበረም። እውነት ስለሆነ ግን አመመኝ።

ያኔውኑ ኢሜይል ጻፈች። እናቴ እምቢ ያለችው በእኛ ወግ ነው፣ እኔ ግን እፈልጋለሁ አለች። ሰኞ መልስ መጣ፤ ቦታው ገና አልተሰጠም፣ ሐሙስ ኑና እንነጋገር የሚል። እኔም ፈረቃዬን ቀየርኩ። ያቺ ሴት እናትየው ከለከለቻት ብላ እንድታስብ አልፈለግሁም፤ አፌ ያበላሸውን እግሬ ሄዶ ያቅና ብዬ ነው።

ጥያቄዎቼን በአማርኛ ወረቀት ላይ ጽፌ ሄድኩ። ልጄ ተረጎመችልኝ። ከከበዳት መውጣት ትችላለች ወይ? ትችላለች፤ የተማረችው አይጠፋም፣ ተማሪነቷም እንዳለ ይቀጥላል። ስኮላርሺፑስ? እሱ ለብቻው ነው፤ ከኦነርስ ብትወጣም አይነካም፣ ውጤቷ ከወረደ ግን የትም ሆነች የት ይነካል። እንደማይወርድ ዋስትና ይሰጡኛል? ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች።

«አልሰጥዎትም» አለች። «ሲከብዳት ግን ቀድሜ አውቃለሁ። በየወሰነ ትምህርቱ እዚህ ወንበር ላይ ትቀመጣለች።»

አይወርድም ብትለኝ ኖሮ አላምናትም ነበር።

ከዚያ ዝርዝሩን አውጥታ ብዕሯን ከፈተችና ወደ እኔ አየች፤ የቅዳሜውን አስታውሳ መሆን አለበት። አፌ ላይ «አትቸገሩ» መጣ። ዋጥኩትና ወደ ልጄ ዞርኩ። ሴትዮዋም ዓይኔን ተከትላ ዞረች።

«ልመዝግብሽ?»

«የስ» አለች ልጄ። የተጠየቀችው አንዴ ነው።

ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። እሑድ ቤት ስትመጣ ጃኬቷ የሐይቅ ጭቃ ይዞ ይመጣል። አምና የኬሚስትሪ ውጤቷ አንድ ጊዜ ወርዶ ነበር። እኔ የሰማሁት አማካሪዋ ጋ ሄዳ፣ የሚያስጠናት ሰው አግኝታ፣ ውጤቷ ከተስተካከለ በኋላ ነው። ቀድማ ብትነግረኝ ኖሮ በየሰዓቱ እየደወልኩ እከርም ነበር፤ ስለምታውቀኝ ነው ያልነገረችኝ። አሁንም ስልኬን ከእጄ አላስቀምጥም።

ባለፈው የኦነርስ ተማሪዎች ሥራቸውን ለቤተሰብ የሚያሳዩበት ቀን ነበር። ልጄ ስለ ውሃው ለመናገር መድረክ ላይ ስትወጣ በዓይኗ ከበሩ አጠገብ ፈለገችኝ፤ አጣችኝ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። እጄን አነሳሁላት።